ዙራካን የፈተለችው የእግር ገመድ

አንድ ተራ ቀን ዙራካንን ምን ያስከፍላታል ቢባል፣ መጀመሪያ የሚከፈለው ጉልበቷ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከሰሉን በባልዲ ሞልታ ዳገቱን ወደ ጤና ኬላው ትወጣለች፤ አንደኛው ጉልበቷ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ሁለተኛው ምድጃው ሥር ተንበርክካ እሳት ስታያይዝ። ከዚያ አንድ ፔርሙስ ወተት የገባበት ሻይና ቁራሽ ዳቦ፤ ዳቦውን ቤት ከረሳችው ሻዩ ብቻ። እጇን በረኪናው ይበላዋል። ድምጿን በጭቃ ጫማ የሚገባ ሁሉ እየተካፈለ ይወስደዋል። ማታ የቀረቻትን ጥቂት ትዕግሥት ይዛ ወደ ምራቷ ወደ አሲልካን ትገባለች፤ ትዕግሥቷም ብዙ ጊዜ እራት ሳይቀርብ ታልቃለች።

ይህ የለመደችው ወጪ ነውና አታማርርበትም። ያማረራት በኋላ የመጣው ነው። ካሊፓ ከሞስኮ ከተመለሰች ወዲህ፣ እሷን መንገድ ላይ ማየት ብቻ ዙራካንን የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያስከፍላታል። መንደራችን ደግሞ ትንሽ ናት፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። ካሊፓን ሳያዩ መዋል አይቻልም።

ሁለቱ ያደጉት አንድ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ነው። ካሊፓ ስትሮጥ ትቀድማለች፣ ስትዘፍን ሰው ዝም ይላል፣ ስትስቅ ሰው አብሯት ይስቃል። ዙራካንም ትስቅ ነበር፤ ሆዷ ግን አይስቅም። ኋላ ካሊፓ ባሏ ሞተባትና ሞስኮ ሄዳ የሰው ደረጃ ስትጠርግ ኖረች። ዙራካን እዚሁ ቀርታ የጤና ኬላውን ወለል ስትጠርግ ኖረች። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የኖሩት በመጥረጊያ ነው። የአንደኛዋ መጥረጊያ ግን የወርቅ ጥርስ፣ ጠጉራም ካፖርትና «ካሊፓ መጣች!» የሚል ጩኸት ይዞ ተመለሰ። የሌላኛዋ መጥረጊያ ሲያልቅ ሌላ መጥረጊያ ተተካ።

ሆስፒታሉ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በረዶ ሲወርድ ወደ ናሪን ከተማ ሆስፒታል የሚያወጣው መንገድ ይዘጋል። ምጥና የሕፃን ትኩሳት ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቁም፤ ይህን ልጅ ያላት ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ መንደሩ ከጎረቤት መንደሮች ጋር ተመካክሮ የራሱን ሆስፒታል በደቦ ሊሠራ ተነሣ። የጠፋው ደልዳላ ቦታ ነበር። ካሊፓ ተነሥታ የአባቷን የፖም እርሻ ሰጠች። እንዲሁ፣ ጨው እንደሚያቀብል ሰው፣ «ውሰዱት» አለች። አንድ ዛፍ ብቻ አስቀሩልኝ ነው ያለችው።

ዙራካን የምትሰጠው መሬት አልነበራትም። ድንጋይ ተሸከመች፣ ጭቃ ረገጠች፣ ለደቦው ሾርባ ሠራች፤ ሥራው ሲያልቅ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም ኖራ የቀባችው እሷ ናት። ታዲያ ሰው ቦታውን ምን ብሎ ጠራው? «የካሊፓ ሆስፒታል»።

«እሺ፣ ኖራውስ የማን ነው?» ትላለች ለብቻዋ፣ ወለሉን እያሸች። «በኖራ ቀቢዋ ስም የማይጠሩት ለምንድን ነው?»

የመክፈቻው ቀን ሲቃረብ ከወረዳ «ቀይ ሪባን እናመጣለን» የሚል ቃል ተላከ። የመንደሩ ሽማግሌ አሳናሊ ነጭ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ስብሰባው መሀል ቆሙ።

«ሪባን የሱቅ ነው» አሉ። «እኛ ሱቅ አልከፈትንም። ይሄ በእጃችን ያሳደግነው ልጃችን ነው፤ ገና ቆሞ ሊሄድ ነው። እንደ ልጅ የእግር ገመዱ ይቆረጥለት።»

ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኛ ዘንድ ሕፃን መራመድ ሲጀምር ሁለት እግሩ ከጥቁርና ከነጭ ሱፍ በተገመደ ክር ይታሰራል፤ ጥቁሩ ለክፉ ቀን፣ ነጩ ለደግ ቀን ነው። ከዚያ ሰው ይሮጣል፤ የቀደመው በቢላ ይቆርጥለታል። ልጁም ዕድሜውን ሁሉ የቆራጩን እግር ይከተላል ይባላል። ክሩ ባንድ ጊዜ ካልተቆረጠ ደግሞ ልጁ ይደነቃቀፋል ይባላል።

«ታዲያ ሴቶቹ ይሩጡዋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔም ልሩጥ?» አሉ በከዘራ የሚሄዱት እማማ ኡምሱናይ፤ ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ።

«ሩጫ ምን ያደርጋል» አሉ አሳናሊ። «መሬቱን የሰጠችው እያለች! ካሊፓ ትቁረጠው።»

ዙራካን እንዴት እንደተነሣች ራሷም አታውቅም።

«አባባ አሳናሊ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ ልጄ።»

«ልጅ የቆራጩን እግር ይከተላል አይደል የሚባለው?»

«ይባላል።»

«የእኔን ማክሳትን የእግር ገመድ የቆረጠችለት ማን ናት?»

ሁሉም ያውቃል። ያኔ ቀሚሷን ሰብስባ ጎረምሶቹን ሳይቀር ቀድማ የዙራካንን ልጅ የእግር ክር የቆረጠችው ካሊፓ ነበረች። ማክሳት ዛሬ ሞስኮ የቤት ግንባታ ላይ ነው። የገዛ ልጁ አባቱን የሚያውቀው በስልክ መስታወት ውስጥ ነው፤ «አባትህ የታለ?» ሲባል ስልኩን ያሳያል።

«እግሯን ተከትሎ ሄደብኝ» አለች ዙራካን። «ሆስፒታሉም ነገ ተነሥቶ ሞስኮ ቢሄድስ?»

ሰው እንደ ገና ሳቀ፤ ቀልድ መሰላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሳቀችው ካሊፓ ናት፤ እንባዋን በመሀረብ እየጠረገች «አይዞሽ ዙራካን፣ ትኬት አንገዛለትም!» አለች። ዙራካን ቁጭ አለች። ፊቷ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ይህች ሴት የልጇን መሄድ እንኳ በሳቅ ወሰደችባት።

አሳናሊም ሊያጽናኗት ብለው ይሁን፣ ሳያስቡት ይሁን፣ እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመሩ። «ገመዱን ግን ካንቺ በላይ የሚፈትል በአገሩ የለም። አንቺ ፍተይልን» አሏት።

አንዷ ትፈትላለች፣ ሌላዋ ትቆርጣለች። የሚታየው ማነው? ፈታይን ማን ያያል!

በማግስቱ ዙራካን ጥቁር ሱፍ ከጎረቤት ለምና ስትመለስ የአሳናሊ ፈረስ ሱቁ ፊት ታስሮ አገኘችው። አስባበት አልነበረም። ሱፍ የምትከረክምበት መቀስ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ የፈረሱም ጭራ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ረዥም፣ አንጸባራቂ ነበር። የፈረስ ጭራ ሲገመድ ቢላ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ እንደሚያልፍ ማንም የከብት አርቢ ልጅ ያውቃል። ግራ ቀኝ አየች። ፈረሱም ዞሮ አያት። አንድ ጭብጥ ቆርጣ በሻርፗ ሥር ይዛው ሄደች።

ቤቷ ገብታ እንዝርቷን አነሣች። ጭራውን ከጥቁሩ ሱፍ መሀል አስገብታ ፈተለችው፤ ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ጅማት። ከነጩ ጋር ስትገምደው እንዲህ ያማረ ገመድ በዕድሜዋ ሠርታ አታውቅም። ክፉ ነገር አደረግሁ ብላ አላሰበችም። የታያት ካሊፓ ናት፤ እንግዳው ሁሉ እያየ፣ ጠጉራም ካፖርቷን ለብሳ፣ ቢላውን እንደ መጋዝ ስትስብ፣ የወርቅ ጥርሷን ስትነክስ። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ፊት እሷም ትደነቃቀፍ። ሌላ አልፈለገችም።

አሲልካን ልጇን አቅፋ ገባችና ቆም ብላ አየቻት።

«እማ፣ ቀሚስሽ ላይ ምንድን ነው?»

«ሱፍ ነዋ።»

«እንዲህ የሚረዝም ሱፍ? የፈረስ ጭራ ነው እንጂ።»

«ፈረሳችንን ስዳብስ ይሆናላ።»

«ፈረሳችን እኮ ገና ከተራራው ግጦሽ አልወረደም።»

«አንቺ ፖሊስ ነሽ? ሂጂ ልጁን አስተኚ!»

አሲልካን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሄደች። ዙራካን ጭራውን አንድ በአንድ ከቀሚሷ ለቅማ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ሲቃጠል ሸተተ።

የመክፈቻው ቀን ፀሐዩ ገር ነበር። ሥጋ በትላልቅ ድስቶች ይንተከተካል፤ በዘይት የተጠበሰው ትናንሽ የሊጥ ቁራሽ፣ ቦርሶክ፣ በየገበታው ላይ ተቆልሏል፤ ከወረዳ የመጡት እንግዶች ክራባታቸውን ያላላሉ። ወጣቷ ሐኪም አዲሱን ነጭ ጋዎኗን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማለች። ገመዱ ከአንዱ የበር መቃን ወደ ሌላው በጉልበት ቁመት ተዘርግቷል፤ ሰው ሁሉ «ወይ ገመድ! እጅሽ ይባረክ» እያለ ዙራካንን ይመርቃታል። እሷም «አሜን» ትላለች። ምርቃት እንደዚያ ቀን ከብዷት አያውቅም።

አሳናሊ ተቆጥተው መጡ። «የፈረሴን ጭራ የሸለተው ማን ነው? እናንተ ልጆች ናችሁ አይደል?» ሲሉ ዙራካን ሻርፗን ፈትታ እንደ ገና አሰረች።

በዚህ መሀል አንዲት የእረኛ ሚስት ከላይኛው ግጦሽ በፈረስ ወርዳ ደረሰች። ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ሐኪሟ ግንባሩን ነካ አድርጋ፣ ትንፋሹን አዳምጣ «መመርመር አለበት። አሁን ገመዱ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ የምትገቢው አንቺ ነሽ» አለቻት። ሴትዮዋ በእሺታ አንገቷን ነቅንቃ ገመዱ አጠገብ ቆመች። የታሰረ የእግር ገመድ ተሻግሮ የሚገባ በእኛ አገር የለም።

ካሊፓ የአሳናሊን ቢላ ተቀብላ ጎንበስ አለች። ቢላውን ሳብ ስታደርገው ነጩ ሱፍ ተበጠሰ። ጥቁሩ ቀረ። ደገመችው፤ ቢላው ተንሸራተተ። ሠለሰችው፤ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ድምፅ አሰማ እንጂ አልተበጠሰም። የካሊፓ ጆሮ ቀላ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዙራካን ደስ አላት። ደስታው ጣፋጭ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው ጣፋጭ።

«ተደናቀፈ!» አሉ እማማ ኡምሱናይ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው። «ልጅ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ በአፍንጫው ተደፍቶ ነበር።»

«ገና በሩ ላይ እንዲህ ከሆነ ውስጡ ምን ሊሆን ነው?» አለች ሌላዋ።

«እኔስ በሽተኛዬን እዚህ አላስገባም።»

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ከአፍ ወደ አፍ ዘለለ። የእረኛው ሚስት ሐኪሟን አየች፣ ገመዱን አየች። ከዚያ ብርድ ልብሱን በሕፃኑ ፊት ላይ ሳበችና ዞራ ወደ ፈረሷ መራመድ ጀመረች።

«የት ነው?» አለቻት ሐኪሟ ደንግጣ።

«ናሪን። እዚህ ፈራሁ፣ የኔ እህት።»

ናሪን በፈረስ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ነው። ሕፃኑ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሲስል ተሰማ። ያን ሳል ዙራካን ታውቀዋለች፤ በጤና ኬላው ስስ ግድግዳ ውስጥ ስትሰማው ነው የኖረችው። አንዳንዱ ልጅ ከናሪን መንገድ ተመለሰ፤ አንዳንዱ ሳይመለስ ቀረ። ጣፋጩ ደስታ መረራት። ይህን ቤት ድንጋይ በድንጋይ ተሸክማዋለች፤ አሁን በአንድ ጭብጥ ጭራ ሰው ልታባርርበት ነው!

«ቆይ! አንቺ፣ አትሂጂ!» ብላ ጮኸች፤ ሰውን በክርኗ እየገፋች ገመዱ ጋ ደረሰች። «ሆስፒታሉ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው። ገመዱ ውስጥ ያለው…»

ካሊፓ ግን አስቀድማ በጣቷ አግኝታዋለች። ከሱፉ መሀል አንድ አንጸባራቂ ጭራ መዝዛ ይዛ ነበር። ጭራውን አየች። በሕዝቡ ትከሻ ላይ አሻግራ የአሳናሊን ፈረስ አየች። ከዚያ ዙራካንን አየች። ያ ዓይን ለዙራካን ከዱላ ይብስባት ነበር፤ ቁጣ የለበትምና።

«ገመዱ ውስጥ ያለው ሱፍ ነው!» አለች ካሊፓ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ጭራውንም በመዳፏ ውስጥ ጠቀለለችው። «ሌላ ምን ይኖራል? ሰው ሁሉ አላልቶ የሚፈትለውን ይቺ ሴትዮ አጥብቃ ፈተለችው፣ ሥራ ስለምታውቅ! አንቺ፣ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ነይ ያዢልኝ። ያልተወጠረ ገመድ በቢላ አይቆረጥም።»

«ሁለት ሰው ይቆርጣል እንዴ? ልማዳችን…» አሉ አሳናሊ።

«ልጅ ሁለት እግር የለውም፣ አባባ? የአንዱን የሄደችው፣ የአንዱን የቀረችው ትቁረጥለት።»

አሳናሊ አሰቡበት። «እንዲያ ከሆነስ ያስኬዳል» አሉ በመጨረሻ።

ዙራካን ጫፉን ከመቃኑ ፈትታ በሁለት እጇ ላይ ጠመጠመችውና ጉልበቷ እስኪንቋቋ ወደ ኋላ ወጠረችው። ካሊፓ ቢላውን አሳረፈች። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«ሽቦም ጨምረሻል እንዴ?» አለች ካሊፓ በሹክሹክታ።

«ዝም ብለሽ ቁረጪ።»

«የአሳናሊ ፈረስ ነው አይደል?»

«ቁረጪ ብያለሁ!»

የካሊፓ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቢላውም አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ዙራካን በቂጧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሳቀ፤ እናቶች ቦርሶኩን በእፍኝ እያነሡ በሕፃናት ራስ ላይ በተኑት። እማማ ኡምሱናይ ሳይቀሩ «እንኳን ቆመ!» አሉ። የእረኛው ሚስት ከፈረሷ አጠገብ ተመልሳ፣ ሕፃኗን ይዛ፣ ከሁሉ ቀድማ በሩን አለፈች።

«ጫማሽን ጥረጊ!» አለቻት ዙራካን ከተቀመጠችበት መሬት ላይ።

በሆስፒታላችን ደጃፍ ለበሽተኛ የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ሕፃኑ ጥቂት ተኝቶ ድኖ ወጣ፤ ዛሬ ከብት ያስቸግራል አሉ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ቅናቱም እንደ በረዶ ቀለጠ ብል ደስ ይላችሁ ነበር። አልቀለጠም። ዙራካን ዛሬ አዲሱ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ከሰል መሸከም ቀርቷል፤ ቤቱ በቧንቧ ይሞቃል፤ ስለዚህ ቀኑ አሁን የሚያስከፍላት አንድ ጉልበት ብቻ ነው። ካሊፓ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ዙራካንን የሚያቃጥላት ይኼ ነው።

«ብትነግርብኝ እኮ ተጣልተን እናርፍ ነበር» ትላለች ለአሲልካን። «መሬት ሰጠች፣ እሺ፣ መሬት ነበራት። ደግነቱን እንኳ ለእኔ አትተወውም? ልናዘዝ አፌን ስከፍት እሷ ሮጣ ቀደመችኝ!»

«ታዲያ አንቺም አንድ ቀን ቅደሚያታ፣ እማ» ትላለች አሲልካን።

«በዚህ ጉልበት?»

ካሊፓ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ባስቀረችው ፖም ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። «ዙራካን፣ ሱፉ እንዴት ነው?» ትላታለች በመስኮቱ። «ወለሉ እርጥብ ነው፣ እንዳትገቢ!» ትላታለች ዙራካን። «የካሊፓ ሆስፒታል ይኼ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ወለሉ እርጥብ ነው። «የሁለቱ ሴቶች ሆስፒታል» የሚሉም አሁን አሁን ተገኝተዋል፤ ለእነሱ ወለሉ ወዲያው ይደርቃል።

አንድ ቀን ካሊፓ ፖም ወረወረችላት። ዙራካን በላችው፤ ጣፋጭ ነበር፤ በመጣፈጡም ተናደደች። ፍሬዎቹን ግን አልጣለቻቸውም። በኖራ የቀባችው ግድግዳ ሥር ቆፍራ ቀበረቻቸው። አንዱ በቅሏል። የጣት ቁመት ነው፤ «ልጆቼ እንዳይረግጡት ድንጋይ ከበብኩለት» እያለች ለሚያልፍ ሁሉ ታሳያለች። የሆስፒታሉን በሽተኞች ነው «ልጆቼ» የምትለው።

የተቆረጠው ገመድ እስከ ዛሬ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ዙራካንም ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፦

«ወደ እኛ ስትመጡ ጫማችሁን ጥረጉ፤ የግድግዳው ሥር ችግኝ ላይ አትቁሙ። ገመዱን በዓይናችሁ እዩት እንጂ በእጃችሁ አትንኩብኝ። ማን ፈተለው ካሏችሁ፣ ዙራካን በሉ። ከምን ተፈተለ ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ በተለይ አባባ አሳናሊ ከጠየቋችሁ፣ ካሊፓ እንዳለችው፣ ሱፍ ነው በሉልኝ።»